ጮቄ የማይታይበት ጥቅምት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ማለቴ፣ የራሴን ነገር። ለጎረቤት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደ ጻፍኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሁለት ዓመት ያህል ደግሞ በአንድ መዝገብ ላይ በየቀኑ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንድ መስመር ጽፌአለሁ። ያ ግን ስለ ሰማይ ነው እንጂ ስለ ሰው አይደለም። አሁን የምጽፈው በዚያ መዝገብ ላይ ቦታ ያልነበረውን ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ፣ የተሳሳተ ፊደል ያገኘ ሰው አይቶ እንዳላየ ይለፈኝ።

የተወለድኩት ብቸና ነው። ከቤታችን ደጃፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ ላየ ሰው ጮቄ ይታያል። ፀሐይ የምትገባው በእሱ በኩል ነበር። ልጅ ሳለሁ ተራራው ዓመቱን ሙሉ እዚያው የሚኖር አይመስለኝም ነበር። መስከረም ላይ ሸንተረሩን አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር ይቻላል። የካቲት ላይ ግን የለም፤ በነበረበት ቦታ የወተት እጣቢ የመሰለ ነገር ብቻ ተዘርግቶ ይታያል። እናቴን «ጮቄ የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «በጋ ነው፤ ተከናንቦ ተኝቷል» አለችኝ። እኔም አመንኳት። ሰው ከጠየቀኝ ብዙ ዓመት አምኛት ኖሬአለሁ፤ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ደግሞም ቢጠይቁኝ አልመልስም ነበር። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁት አንገቴን እደፋ ነበር። አባቴ «እቤታችን ሌባ ቢገባ ሌባው ራሱ ይጮህ እንደሆነ ነው እንጂ ይቺ ልጅ አትጮህም» እያለ ይስቅብኝ ነበር። የስድስተኛ ክፍልን ፈተና ካለፍኩ በኋላ ታምሜ አንድ ዓመት ቤት ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ትምህርት ቤት ስለ መመለሴ ማንም አላነሣም። እኔም አልጠየቅሁም።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ ሞጣ የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም «የምታግዘን ልጅ ላክልን» ብለው ላኩ። ልጆቻቸው አድገው በየአገሩ ሄደዋል፤ ባለቤታቸው ደግሞ ጉልበቷን ያማት ነበር። በጥር ወር በአውቶቡስ ሄድኩ። የመንገዱ አቧራ በመስኮቱ እየገባ ቅንድባችንን ሁሉ ቀይ አደረገው። ሞጣ ስወርድ መጀመሪያ ያደረግሁት ጮቄን መፈለግ ነበር። ወደ ምዕራብ ባይ የለም። ወደ ደቡብ መሆኑን የነገሩኝ አጎቴ ናቸው፤ ያን ቀን ግን በዚያም በኩል አልታየም። በጋ ነበርና ተከናንቧል።

አጎቴ ቀድሞ ቅኔ ያስተምሩ ስለነበር አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ የኔታ እላቸው ነበር። ጽሕፈታቸው እንደ ብራና ጽሑፍ ያማረ ነው። በዚሁ ጽሕፈታቸው ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአየር ጠባይ ተመልካች ሆነው ሲሠሩ አገኘኋቸው። ከቤቱ በስተጀርባ በሽቦ የታጠረ ሣር ያለበት ቦታ አለ። በውስጡ አራት እግር ያለው ነጭ የእንጨት ሳጥንና ዝናብ የሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ቆመዋል። እዚያ ግቢ ዶሮ እንኳ ከገባች የኔታ ውሻ ቤተ መቅደስ የገባ ያህል ይደነግጡ ነበር።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የኔታ ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ። ሙቀቱን ያነባሉ፤ ዝናብ ካለ ይለካሉ። በመጨረሻ በአንዲት ድንጋይ ላይ ቆመው ዓይን እስከ የት እንደሚደርስ ያያሉ። ምልክቶቻቸው የታወቁ ናቸው፤ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ፣ ቀጥሎ ከከተማው ውጭ ያለው ጉብታ፣ ከዚያ የአባይ በረሃ አፋፍ፣ በደቡብ ደግሞ ጮቄ። የመጨረሻው የታየው ምልክት ይጻፋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና እንዲሁ ይደረጋል።

በመጀመሪያው በጋ ብዙ ነገር አስተማሩኝ። ዝም ማለቴን ወደዱት መሰለኝ፤ ተማሪ እንዳገኘ መምህር ነበሩ።

«አሽትቺ» አሉኝ አንድ ጠዋት።

አሸተትኩ። «ኩበት ነው» አልኩ በልቤ፤ በአፌ ግን ምንም አልወጣም።

«የየቤቱ የኩበት ጭስ ነው። ብርዱ ጫን ብሎት መሬት ለመሬት ይተኛል። ፀሐይ ስትሞቅ ይነሣል። ይሄ እንግዳ አይደለም፣ የራሳችን ነው። ዱሮ እንጨት በነበረበት ጊዜ እንዲህ አይወፍርም ነበር።»

በየካቲት ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ ጭጋግ ከአባይ በረሃ ሽቅብ ሲወጣ አሳዩኝ፤ የደረቀ ሣር ሽታ አለው። በመጋቢት ማለቂያ ደግሞ ሽታ የሌለው ቡናማ ጭጋግ መጣና ለአራት ቀን ፀሐይን እንደ አሮጌ ሳንቲም አደረጋት። የኔታ በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ጣታቸውን አንሸራትተው አሳዩኝ፤ ጣታቸው ላይ እንደ ዱቄት የላመ አፈር አለ። «ይሄ የእኛ አፈር አይደለም፣ የእኛ ጥቁር ነው። ከሱዳን በኩል፣ ከአሸዋው አገር ነው የሚመጣው። ማንም አይከሰስበትም» አሉ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ጭሱ ከጮቄ ከራሱ ይወርዳል። ደገኞቹ ለገብስ ማሳ አፈሩን ከነሣር ሥሩ ቆልለው ከሥሩ እሳት ይለኩሱበታል፤ ጓይ ይሉታል። የተቃጠለ አፈር ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ አይረሳውም። የግንቦት ዝናብ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ይታጠባል።

«እንደ ዐቢይ ጾም ነው» ይሉ ነበር የኔታ። «ቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ሳይመጣ አይቀርም። አሥራ አንድ ዓመት ጽፌዋለሁ፤ ሥርዓቱን ስቶ አያውቅም።» ይህን ሲናገሩ መዝገቦቹን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጓቸዋል። ከቅኔው ቤት ወዲህ የሚኮሩበት ነገር ቢኖር እነዚያ መዝገቦች ናቸው።

ከእኛ ቤት የማይጠፋ አንድ እንግዳ ነበር፤ ከአባይ አፋፍ በየገበያው ቀን ማር ይዞ የሚመጣ ሰው። ቆለኛ ነው፤ ቀልድ ይወዳል።

«እቴቴ፣ የዚችን ልጅ ድምፅ በየትኛው ማሰሮ ነው የደበቃችሁት?» ይላል እኔን እያየ።

እቴቴ የምንላት የየኔታ ባለቤት ናት። «ከማርህ ጋር ቀላቅለኸው ይሆናል» ትለዋለች። «መቼስ ማርህ ውስጥ ያልገባ ነገር የለም።»

በረሃው ለምን እንደሚቃጠል ያወቅሁት ከእሱ ነው። አሮጌው ሰንበሌጥ ካልተቃጠለ አዲሱ ለከብት አይበቅልም፤ እባቡም አይሸሽም ይላል። ከልክሏችኋል እኮ መንግሥት ቢሉት፣ «መንግሥት ከብት የለውም» ብሎ ይስቅና ወዲያው ዞር ዞር ብሎ ያያል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ አለፈ። መስከረም ጠባ፤ ጥቅምት ገባ። አንድ ቀን ሌሊቱን የመጨረሻው ዝናብ ሲጥል አድሮ ጠዋት ብወጣ፣ ጮቄ ከነሸንተረሩ ቆሟል። የብቸናው ጮቄ በሌላ ጎኑ መሆኑ ነው። ዓይኔ እንባ እስኪያቀር አየሁት። ናፍቆኝ ኖሯል።

የኔታ ወጡ። ድንጋያቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩ። ከዚያም ጻፉ፦ «ጭጋግ። ጮቄ አይታይም። ከጽዱ ወዲያ ደብዛዛ።»

እኔ ምንም አላልኩም። የተማረ ሰው እኛ የማናየውን የሚያይ ይመስለኝ ነበርና፣ እሳቸው ያዩት እኔ ያላየሁት አንድ ነገር በአየሩ ውስጥ ይኖራል አልኩ። በማግስቱም ያንኑ ጻፉ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት እንስራ አዝላ በአጥሩ አጠገብ አለፈች።

«የኔታ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምንድን ነው ልጄ ይሄ ጭጋግ?»

«ኧረ ምኑን ይጠይቁኛል! ታፈንን እኮ!» አለች፤ ፀሐዩ በርትቶባት ዓይኗን በእጇ እየከለለች።

የኔታ ወደ እኔ ዞረው «አየሽ? እኔ በራሴ ብቻ አልጽፍም። ምስክር ጠይቄ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ሳይ፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያንኑ ይመልሳል። ዲያቆኑም፣ የባሕር ዛፍ ተሸካሚውም፣ ማር ሻጩም። «አዎን የኔታ፣ ጭጋግ ነው።» የኔታን «አይደለም» ያለ ሰው አላየሁም። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ፤ እነሱ በቃል፣ እኔ በዝምታ።

አንድ ቀን የኔታ ወጥተው ሳሉ የዱሮዎቹን መዝገቦች ገለጥኩ። ከሦስት ዓመት በፊት በጥቅምት «ጮቄ ጥርት ብሎ» ይላል፤ ወሩን ሙሉ። ካቻምና «ጥቂት ደብዘዝ» ማለት ይጀምራል። አምና ጥቅምትም ኅዳርም ጭጋግ ነው። ዘንድሮም እንዲሁ። ጽሕፈታቸውም ቢሆን ከዓመት ዓመት ፊደሉ እየተለቀ መጥቷል።

መናገር ባልችል መጻፍ እችላለሁ አልኩ። ከእሳቸው መስመር በታች በእርሳስ፣ በትንሹ፣ «ጮቄ ይታያል» ብዬ ጻፍኩ። አይተው ይቆጡኛል፣ ወይም ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። በማግስቱ በቀለም ቀጥለው ጻፉ፤ ምንም አላሉም። ደግሜ ጻፍኩ። ዘጠኝ ቀን ጻፍኩ። የእኔን ፊደል አላዩትም ነበር። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባኝ።

ለእቴቴ ነገርኳት፤ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን እንኳ አላቆመችም። «እኔ መቼ አጣሁት? ዱሮ መርፌዬን ክር የሚያስገቡልኝ እሳቸው ነበሩ። አሁን በሩን ዳሰው ነው የሚወጡ። አንድ ቀን ብነግራቸው ሦስት ቀን አላነጋገሩኝም። ተይው፣ ጭጋጉ የማንን በሬ ወጋ?»

በኅዳር መጀመሪያ ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ «መነጽሬን የት እንዳኖርኩት እንጃ» ስላሉኝ። በዚህ ጣቢያ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ በጥቅምትና በኅዳር ሳይቀር ጭጋግ ተመዝግቧል፤ ምክንያቱ ተጣርቶ ይገለጽ ይላል። የኔታ ደስ አላቸው። አሥራ አንድ ዓመት የላኩትን ጽሑፍ ሰው እንደሚያነበው ያወቁት ያን ቀን ነበር።

«ምክንያቱ ምን ይሆናል ብለሽ?» አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ፣ «ቆለኞቹ ያለ ወራቱ ማቃጠል ጀምረዋል። ሌላ ሊሆን አይችልም» አሉ።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ራሱ መጣ። «ጓድ የኔታ» ይላቸው ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲጠራ ምንም አይመስለውም። «ጓድ የኔታ፣ ይሄ ማስረጃ ነው። በሚመጣው ሰኞ የአፋፉን ገበሬ ማኅበር ሰዎች አስጠርተን እንጠይቃለን። እርስዎ መዝገቡን ይዘው ይምጡ።»

በገበያው ቀን ማር ሻጩ እንደ ልማዱ መጣ። የኔታ ነገሩት። ቀልዱ ሁሉ ጠፋ።

«በጥቅምት? የኔታ፣ በጥቅምት ሰንበሌጡ ከእኔ ይረዝማል፤ ውሃ ያዘለ እርጥብ ነው። እንኳን ክብሪት መብረቅ አያነደው።»

«ጭጋጉስ? አንተ ራስህ እዚህ ቆመህ ‹አዎን፣ ጭጋግ ነው› አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ብያለሁ» አለና መሬት መሬት አየ።

ሊሄድ ሲል በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ። ደጃፍ ላይ ቆም አለ። «አምና በየካቲት ላቃጠልነው ከእኛ ሁለት ሰው ሰባት ቀን ታስሮ ወጣ። እሱን አቃጥለናል፣ አልክድም። ያላቃጠልነውን ግን እንዴት አድርገን ነው የምናምን?» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ዝምታ፣ ለአንቺ ምን ይታይሻል?» አለኝ።

ወደ ጮቄ አየሁ። እሱም ዓይኔን ተከትሎ አየ። በዚያ ማለዳ ተራራው እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስል ነበር።

«እኔ ብናገር ወገኖቹን ሊያድን ነው ይሉኛል» አለ። «አንቺ የቤት ልጅ ነሽ።» ይህን ብሎ ሄደ።

እስከ ሰኞ ሦስት ቀን ነበረኝ። ሁለቱን በዝምታ ጨረስኳቸው። የኔታን ማሳፈር አልቻልኩም፤ በቤታቸው እበላለሁ፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደግሞ ያ መዝገብ ከእጃቸው ቢወጣ ምን ይሠራሉ? ግን በዓይኔ ላይ የሚመጡብኝ ሁለቱ የታሰሩ ሰዎች ነበሩ፤ መልካቸውን አላውቀውም እንጂ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሦስት ሰዓት ሆነ። የኔታ ድንጋያቸው ላይ ወጡ፤ አዩ። መዝገቡን ገልጠው ብዕራቸውን አነሡ።

«ይታያል» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ጮቄ ይታያል፣ የኔታ።»

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። «ዛሬ?»

«ትናንትም። ጥቅምትን ሙሉ።» ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። «መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ። በእርሳስ። አላዩትም።»

መዝገቡን ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ አፍንጫቸውን እስኪነካ። ወደ ፀሐይ አዘነበሉት፣ መለሱት፣ እንደገና አዘነበሉት። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ሲያንሸራትቱ፣ በዚያ በባሕር ዛፉ ቅጠል ላይ እንዳንሸራተቱት ነበር።

«ስንት ቀን ጻፍሽ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ቀን» አሉ። ከዚያ፣ «ሰው ሁሉ ጭጋግ ነው ሲለኝስ?»

«ሰው ያከብርዎታል» አልኩ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «እንዲህስ አድርገው ከሚያከብሩኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወረቀት አምጪ አሉኝ። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። «በጥቅምትና በኅዳር የተመዘገበው ጭጋግ ከአየሩ አይደለም፤ ከተመልካቹ ዓይን ነው። የሁለቱ ዓመት የጥቅምትና የኅዳር ጽሑፍ ይሰረዝ። ከጥር እስከ ግንቦት ያለው በየዓመቱ የሚመጣው ነው፤ ያንንም ቢሆን፣ የሙቀቱንም ቁጥር፣ በጥርጣሬ ይዩት።» የመጨረሻውን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ቀጠን አለ። ከዚያ ፊርማቸውን ራሳቸው ፈረሙ፤ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር፣ አላልኳቸውም።

ሰኞ ክንዳቸውን ይዤ ቀበሌ ወሰድኳቸው። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤውን አንብቦ ተናደደ።

«እንግዲህ ቆለኞቹ በአንዲት ሴት ልጅ ዓይን ነጻ ይውጡ?»

«በእኔ ዓይን ሊታሰሩ አልነበረም?» አሉት የኔታ።

ሊቀ መንበሩ ደብዳቤውን መለሰላቸው። የአፋፉ ሰዎች በደጅ በአጥሩ ጥግ ቁጢጥ ብለው ይጠብቁ ነበር፤ ሰባት ናቸው፣ ማር ሻጩ በመካከላቸው። «ወደየቤታችሁ ሂዱ» ተባሉ። ለምን እንደ ተጠሩ አንዳቸውም ሳይጠይቁ ተነሥተው ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያ ማር ሻጩ አንድ ገንቦ ማር አምጥቶ እቴቴ እግር ሥር አኖረ። እሷም ቀምሳ፣ «ዛሬስ እውነተኛ ማር ነው። ለካ አለው!» አለችው።

ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ተመልካች እስኪልክ መዝገቡን እኔ እንድይዝ ፈቀደ። የኔታ በየጠዋቱ ከእኔ ጋር ይወጣሉ፤ ከድንጋዩ ሥር ይቆማሉ፣ እኔ እወጣለሁ። በጋው ሲመጣ እንደ ሥርዓቱ መጣ፤ ኩበቱ፣ ሰንበሌጡ፣ አቧራው፣ ጓዩ። እኔ ማየት፣ እሳቸው ማሽተት። ብዙ ጊዜ ከእኔ ቀድመው «ዛሬ ከበረሃው ነው» ይሉና ልክ ይሆናሉ። ቆለኞቹም በየካቲት አቃጠሉ፤ እኔም ጻፍኩት፣ ስላየሁት። በዚያ ዓመት ግን ማንም መዝገቡን ማስረጃ ነው ብሎ አልመጣም።

ባለፈው ኅዳር የሠለጠነ ልጅ ተልኮ መጣና እኔ ወደ ብቸና ተመለስኩ። የኔታ እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ፤ አሁን በብትር ነው የሚሄዱ። ዕቃዬ ተጭኖ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸው ከታች ቆመው ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዞሩ።

«እስከ የት ይታያል?» አሉኝ።

አውቶቡሱ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ያየኛል። «ጮቄ ይታያል» አልኩ፣ በሹክሹክታ።

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ሞተሩ ተነሣ።

«ጮክ በይ እንጂ ልጄ! ተራራው አይቆጣሽም።»